ለደንበኞቻችን፦ ችግኝ በነፃ እየተሰጠ እኛ ለምን እናስከፍላለን?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ግንቦት ሲጋመስ ስልካችን ፋታ የለውም። ዘንድሮ ግን ከትዕዛዙ ጥያቄው በዝቷል። ከአራት ኪሎ፣ ከፒያሳ፣ ከካዛንቺስ፣ ከቀበና የምትደውሉልን ብዙዎቻችሁ የምትሉት አንድ ነው፦ «መንግሥት ለሀገር በቀል ዛፍ በጀት ይዟል ይባላል። ለእኛ ግቢ አይደርስም እንዴ? ችግኙስ በነፃ እየታደለ እናንተ የምታስከፍሉት የምኑን ነው?» ጥያቄው ተገቢ ነው። በስልክ ቆራርጠን ከምንመልስ ብለን ነው ይህን የጻፍነው።

አጭሩ መልስ፦ ችግኙ ሊደርሳችሁ ይችላል፣ ገንዘቡ አይደርሳችሁም።

በጀቱ እውነት ነው። በ2017 ዓ.ም. ለአረንጓዴ አሻራና ለተራቆተ መሬት ማገገሚያ የሚውል ልዩ ፈንድ በአዋጅ ተቋቁሟል። ከፌዴራል መንግሥት ዓመታዊ በጀት ከ0.5 እስከ 1 በመቶ ይመደብለታል። የ2018 በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ገደማ ስለሆነ፣ ዝቅተኛው እንኳ ሲሰላ ከ9 ቢሊዮን ብር ያልፋል። ሲሰሙት ያስደነግጣል። ግን አገሪቱ መልሳ በዕፅዋት ለማልበስ ቃል የገባችው 15 ሚሊዮን ሄክታር ነው። ያንን ገንዘብ ለዚህ ስፋት ብታካፍሉት በዓመት ለአንድ ሄክታር 640 ብር ገደማ ይወጣል። በዚህ ሒሳብ ቅድሚያ የሚያገኘው ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ የወሰደበት ተዳፋት ነው እንጂ የካዛንቺስ ግቢ አይደለም። እኛም ቢሆን ብንጠየቅ እንደዚያው እንላለን።

ሌላም ነገር አለ፤ የከተማ ግቢ ደን አይባልም። በአገራችን አንድ ቦታ ደን ለመባል ቢያንስ ግማሽ ሄክታር መሬት፣ 2 ሜትር የሚደርስ ዛፍና 20 በመቶ የሚሆን የቅርንጫፍ ሽፋን ያስፈልገዋል። ግማሽ ሄክታር ማለት 5,000 ካሬ ነው። መሀል ከተማ 5,000 ካሬ ባዶ ግቢ ያለው ሰው ካለ ይደውልልን፣ ቡና እንጋብዘዋለን።

«የግል መሬት» የምንለውም ቢሆን የይዞታ ጉዳይ ነው። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የእናንተ ቤቱ፣ ዛፉና የመጠቀም መብቱ ነው። ያም ሆኖ ሱሉልታ ወይም ሆለታ አካባቢ ሰፋ ያለ ይዞታ ያላችሁ ደንበኞቻችን የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010ን አግኝታችሁ ብታነቡት አትጎዱም። የግል ደንን ከመንግሥት፣ ከማኅበረሰብና ከማኅበር ደን እኩል እንደ አንድ የባለቤትነት ዓይነት ያውቀዋል። ወረቀታችሁን ይዛችሁ የወረዳውን የደን ባለሙያ አነጋግሩ። ይህን እኛ ልንጨርስላችሁ አንችልም፤ «እናስፈጽማለን» የሚል ደላላ ቢመጣም አትስሙት።

ውጭ ቆይታችሁ የተመለሳችሁ ደግሞ «እዚያ እኮ ለባለመሬቱ ይከፈለዋል» ትሉናላችሁ። ልክ ናችሁ። አሜሪካ ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገበሬው በቀላሉ የሚሸረሸር ማሳውን ማረሱን ትቶ ሣርና ዛፍ ቢያለብሰው፣ ከ10 እስከ 15 ዓመት በሚቆይ ውል በየዓመቱ ኪራይ ይከፈለዋል። ኮስታ ሪካም ከ1997 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደኑን ለሚጠብቅ ባለይዞታ ትከፍላለች፤ ገንዘቡ በብዛት የሚመጣው ከነዳጅ ግብር ነው። ልብ አድርጉልን፦ በሁለቱም ቦታ የሚከፈለው ለዓመታት ጥበቃ ነው። ተክሎ ለመሄድ ብቻ ማንም አይከፍልም። እኛ የምናስከፍላችሁም ይህንኑ ነው፤ ወደዚያ እንመጣለን።

የሕዝብ ገንዘብ በከተማችን የሠራውን ማየት የሚፈልግ እሑድ ጠዋት ወደ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ይውጣ። 705 ሄክታር ነው። ቦታው በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነበር። ባሕር ዛፍን ያስመጡት አጼ ምኒልክ ነበሩ፤ ከተማዋ ማገዶ አጥታ ልትፈታ ስትል በቶሎ የሚደርስ እንጨት ተፈለገ። በዚያ ዘመን ማንም ቢሆን ያንኑ ያደርግ ነበር፤ ዛሬ ባሕር ዛፍን መራገም ፋሽን ስለሆነ ነው ይህን ማለታችን። ማዕከሉ ባሕር ዛፉን ቀስ በቀስ እያነሳ በሀገር በቀል ይተካል። እኛን የሚገርመን ግን የተተከለው አይደለም። ከባሕር ዛፉ ሥር ጎንበስ ብላችሁ ስታዩ ማንም ያልተከለው የወይራና የጥድ ቡቃያ ራሱን ችሎ ሲወጣ ታገኛላችሁ። ወፍ ዘሩን ጥላው ነው። የጠየቀው ነገር ቢኖር እንዳይረገጥና እንዳይታጨድ ብቻ ነው።

ወላይታ ውስጥ ሁምቦ የሚባለው ተራራም ታሪኩ ይኸው ነው። 2,728 ሄክታር ራቁቱን የቀረ መሬት ነበር። በሰባት ማኅበራት የተደራጁ ገበሬዎች ከብት እንዳይገባበት፣ ከሰልም እንዳይከሰልበት ከልክለው ጠበቁት። ከመሬት በታች ሳይሞት የቆየው ጉቶ አቆጥቁጦ ደኑ ተመለሰ፤ ከዓለም ባንክም የካርቦን ክፍያ አገኙ። አብዛኛው ሥራ የመጠበቅ ነበር።

የነፃ ችግኝ ጣጣም እዚህ ላይ ነው። በነፃ የሚሰጠው ችግኙ ነው፤ መጽደቁ አይሰጥም። ሐምሌ ላይ ይተከላል፣ ፎቶ ይነሳል። ዝናቡ መስከረም ላይ ይቆማል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ማን ያጠጣዋል? አዲስ አበባ ሀገር በቀል ችግኝ የሚሞተው በነዚህ ወራት ነው፣ በተለይ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ቀኑ ደግሞ ሲያደርቅ። ባለፈው ቀበና አንድ ግቢ ተጠርተን ሄድን። ወይራው ደርቋል፤ «መሬቱ አይስማማውም» ተባልን። ነቅለን ስናየው ጥቁሩ ፕላስቲክ እላዩ ላይ እንዳለ ነው የተቀበረው። ሥሩ መውጫ አጥቶ እዚያው ውስጥ እንደ ክር ኳስ ተጠምጥሟል። መሬቱ ምንም አላደረገም።

ዘሩም ቢሆን ቀልድ አያውቅም። የዝግባ ፍሬ ቅርፊቱ ድንጋይ ነው። ችግኝ ጣቢያችን ውስጥ ሠራተኞቻችን እያንዳንዷን ፍሬ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀምጠው በትንሽ መዶሻ ይነኳታል። ጠንከር ካለ ውስጧ ይፈርሳል፣ ካልተሰነጠቀች ደግሞ ወራት ትተኛለች። የጥቁር እንጨት ዘር በተቃራኒው መቆየት አይወድም፤ ከተለቀመ ሳይደርቅ መዘራት አለበት። ከጥድ ፍሬም ብዙው ባዶ ሆኖ ይገኛል። የፈረንጅ ጥድና ግራቪሊያ በየመንገዱ ዳር በርካሽ የምታገኙት ለዚህ ነው፤ ችግኙን ለሚያፈላው ይቀልለዋል።

ስለዚህ ዋጋችንን ከዘንድሮ ጀምሮ በሁለት ከፍለነዋል። አንዱ የችግኝ ዋጋ ነው። ሌላው የእንክብካቤ ነው፤ ጉድጓድ፣ ብስባሽ፣ ጉዝጓዝ፣ ኩትኳቶና እስከ ሁለተኛው በጋ መጨረሻ ውሃ ማጠጣት። በነፃ ያገኛችሁት ችግኝ ካለ ይዛችሁ ኑ፣ የችግኙን አንጠይቅም። የእንክብካቤውን ብቻ ትከፍላላችሁ። ዘበኛችሁ ወይም ልጆቻችሁ ማጠጣት ከቻሉ ደግሞ እሱንም አትክፈሉ፤ እንዴት እንደሚጠጣ አንድ ጊዜ መጥተን እናሳያለን። ለሕዝብ የተዘጋጀ ችግኝ ተቀብሎ መልሶ መሸጥ በእኛ ቤት የለም። ከተሽከርካሪ ላይ አውርዶ «በግማሽ ዋጋ ውሰዱ» የሚላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ ከየት እንዳመጣው ጠይቁት።

እድር፣ ትምህርት ቤት ወይም ቤተ ክርስቲያን የምትወክሉ ደንበኞቻችን፣ የሕዝብ ችግኝ ለእናንተ ይቀልላል። ደብዳቤ ጽፋችሁ ወረዳ ሂዱ። ስትጠይቁ «ችግኝ» ብላችሁ አትተዉት፤ የምትፈልጉትን ዓይነት በስሙ ጻፉ፦ ወይራ፣ ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ብሳና። ካልጻፋችሁ የተረፈው ነው የሚሰጣችሁ።

ቀበና ወይም ግንፍሌ ወንዝ አፋፍ ላይ ግቢ ያላችሁ፣ ከአጥራችሁ ውጭ አንዲት ችግኝ ከመትከላችሁ በፊት ወረዳውን አስፈቅዱ። የወንዝ ዳርቻው ልማት የራሱ ፕላን አለው፤ ደክማችሁ ያሳደጋችሁት ዛፍ መንገዱ ላይ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ከአጥር ውስጥ ግን አፋፉን የሚይዝ ነገር ብትተክሉ ጎረቤትም ይጠቀማል፤ ቀርቀሃና አኻያ ጥሩ ናቸው።

ግቢያችሁ ጠባብ ከሆነ ወርካና ሾላን እርሱት። ዛፎቹ ያምራሉ፣ ነገር ግን ሥራቸው የሽንት ቤት ጉድጓዳችሁንም የጎረቤታችሁንም ግድግዳ ይፈልጋል። አምጃ ብትተክሉ ቢጫ አበባው ያስደስታችኋል። ቀጋ ደግሞ አጥር ይሆናል፤ እሾሁ ሌባ ይመልሳል፣ ፍሬውን ልጆች ይበሉታል። ኮንዶሚኒየም ላላችሁ እናቶችና አባቶች በረንዳ ላይ ግራዋ በትልቅ ጣሳ ይበቅላል፤ ቅጠሉ ለጠላ ጋን ማጠቢያ ይሆናል።

ጉድጓዱን ሰኔ ከመግባቱ በፊት ቆፍሩና አፈሩ ፀሐይ ይምታው። የምትተክሉት ግን ዝናቡ መሬቱን በደንብ ካራሰው በኋላ፣ ሐምሌ ላይ ነው። ትዕዛዝ የምንቀበለው እስከ ሰኔ አጋማሽ ነው። ዝግባ ዘንድሮ ጥቂት ስለሆነ የምትፈልጉ ቀድማችሁ ንገሩን።

ከአክብሮት ጋር፣
የችግኝ ጣቢያው ባልደረቦች
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ