ከላይ ጠበል፣ ከታች ብርብራ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

የወተት ዓባይ ከተማ ነዋሪ ነኝ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቁርሴን ቀማምሼ፣ የቀርከሃ ዘንጌን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ወደ ግልገል ዓባይ ስወርድ ጎረቤቶቼ «ዛሬም ሥራ ፈታህ?» ይሉኛል። አልቀየማቸውም። በእኛ አገር በሬና ሞፈር የሌለበት ነገር ሥራ ተብሎ አይቆጠርም።

ዕቃዬ ብዙ አይደለም። ናይሎን ክር፣ መንጠቆ፣ ከአሮጌ የመኪና ባትሪ የወጣ እርሳስ፣ በቆርቆሮ የያዝኩት ትል። ለመንሳፈፊያ የደረቀ የበቆሎ ቆረቆንዳ ቆርጬ አስራለሁ፤ ከገበያ ከሚገዛው ይልቅ እሱን አምነዋለሁ። ቆረቆንዳው ሁለት ጊዜ ነቅነቅ ይልና ድንገት ይሰጥማል። ነጭ ዓሣ ከሆነ ክሩ ውኃውን እየሰነጠቀ ወደ መሀል ይከንፋል፤ አምባዛ ከሆነ ደግሞ እንደ ለገመ በሬ ከሥር ይተኛና አልነሣም ይላል። በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች ትቼዋለሁ። ነጭ ዓሣ አጥንቱ ብዙ ስለሆነ ባለቤቴ ለልጆቹ ስትለቅም ታመሻለች፤ የምትራገመው ግን ዓሣውን ሳይሆን እኔን ነው።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ ባለፈው መጋቢት ያየሁት ነገር ነው። ወንዙ ቀጥኖ ኩሬ ኩሬ ሆኖ ነበር። ስደርስ ውኃው ዳር ዳሩን አረፋ ይዟል። አውራ ጣት የማያህሉ የዓሣ ጫጩቶች በጎናቸው ተጋድመው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ከወንዙ በላይ በኩል ሰዎች ዓሣ የሚያደነዝዘውን የብርብራ ፍሬ ወቅጠው በጆንያ ነክረው ትልልቁን ለቅመው ሄደዋል። ትንንሹን ማን ዞር ብሎ ያየዋል? በዛፉ አልፈርድም፤ ዘጌ ላይ ለቡናው ጥላ ሆኖ የሚኖር ደግ ዛፍ ነው።

ይህ ወንዝ ሰከላ ግሽ ዓባይ ላይ ከምንጩ ሲነሣ ጠበል ነው። ሰው ከሩቅ አገር መጥቶ በጀሪካን ቀድቶ ይሄዳል። ያንኑ ውኃ እኛ ዘንድ ሲደርስ ብርብራ እንበጠብጥበታለን።

ጉዳቱም እዚሁ አይቀርም። ጣና ውስጥ በሌላው ዓለም የማይገኙ 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዓይነቶች አሉ። ከእነዚህ በርካታዎቹ ክረምት ሲገባ ሐይቁን ትተው ወደ ግልገል ዓባይ፣ ወደ ጉማራና ወደ ርብ ይወጣሉ፤ እንቁላላቸውን የሚጥሉት በጠጠር ላይ በሚፈስ ጥሩ ውኃ ነው። ታዲያ በመውጫቸው ወራት የወንዙ አፍ ላይ መረብ ይጠብቃቸዋል። ከዚያ ያመለጡት ወልደው የተዉትን በበጋ በብርብራ እንፈጃለን። ስለ ጣና ሲነሣ እምቦጭን ሁሉም ያውቃል፣ እናንተም ደጋግማችሁ ጽፋችኋል፤ ስለ ገባሮቹ ግን እስቲ ከሐምሌ በፊት አንድ ገጽ ስጡን።

ባለፈው እሑድ ብርብራ ሲወቅጡ የማውቃቸው ሁለት ልጆች አጠገቤ መጥተው ቆሙ። ትርፍ መንጠቆ ሰጠኋቸው። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አንዲት ዓሣ እንኳ አልያዙም፤ ትንሹ ክሩን ሦስት ጊዜ ቁጥቋጦ ላይ አጠላለፈው። ለሚቀጥለው እሑድ ትሉን እኛ ቆፍረን እንጠብቅዎታለን ብለውኛል።

አንባቢያችሁ
ከወተት ዓባይ