«ልጄ ሊገባበት ነው» የሚሉት ውሸት

ለተከበራችሁ አዘጋጆች፣

ስለ ቤት ኪራይ በጻፋችሁ ቁጥር የማነበው የተከራይን እሮሮ ነው። አልፈርድም፣ ዕቃ ተሸክሞ የሚወጣው እሱ ነው። እኔ ግን አከራይ ነኝ። ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ፣ ግቢዬ ውስጥ ሁለት ክፍል ሰርቪስ አለኝ። እሱን ለእናቴ ማስለቀቅ አቅቶኝ ከረምኩ።

እናቴ የዘጌ ሰው ናት። ሰማንያን አልፋለች። ክረምት ላይ ጓሮ ቡና ልታይ ወጥታ አዳለጣት፣ ዳሌዋ ተሰበረ። በጀልባ አምጥተን አሳከምናት። ሐኪሙ ደጋግሜ ልያት ስላለ መመለሷ ቀረ። የእኔ ቤት ደጃፍ አምስት ደረጃ አለው። ሰርቪሱ ግን ከመሬት እኩል ነው፣ ሽንት ቤቱም እዚያው አጠገቡ።

ሰርቪሱ ውስጥ ባልና ሚስት ከሦስት ልጆቻቸው ጋር ይኖራሉ። እሱ ባጃጅ ይነዳል፣ እሷ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤት ታስረክባለች። ኪራይ አንድ ቀን አሳልፈው አያውቁም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። እኛም የፈረምነው ለሁለት ዓመት ነው። ያኔ አሥር ወር ይቀረው ነበር።

ቡና አፍልቼ ጠራኋቸው። «እናቴ ልትገባበት ነው፣ ሦስት ወር ልስጣችሁ» አልኩ። ሚስትየው ስኒዋን አስቀመጠች።

«እትየ፣ ለስፌቷ ሴትዮም ልጄ ሊገባበት ነው ብለዋት አልነበር? የገባነው እኮ እኛ ነን።»

ምን እላለሁ? እውነቷን ነው። ከእነሱ በፊት ቤቱ ውስጥ አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች። ውላችን የቃል ነበር። ደላላው «እጥፍ የሚከፍል ሰው አለኝ» ሲለኝ፣ ልጄ አግብቶ ሊገባ ነው ብዬ አስወጣኋት። ልጄ ያኔም አላገባም፣ ዛሬም አላገባም። የስፌት መኪናዋን በጋሪ ጭና ስትወጣ በር ላይ ቆሜ ሸኘኋት። አንድ የጨርቅ ቁራጭ ከጋሪው ወድቆ ነበር፣ አንስቼ ሰጠኋት። ደግ የሆንኩ መስሎኝ!

ሽማግሌ ላክሁ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እኔኑ መልሰው «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ብለው ተረቱብኝ። ባልየው ልጆቹ ትምህርት ላይ ናቸው አለ። በጸጥታው ምክንያት ከገጠር የገባው ሰው ብዙ ስለሆነ በዚህ ዋጋ ሌላ ቤት አላገኝም አለ። እኔም «ቤቱ የኔ ነው» ብዬ ጮህኩ። ይህን እልህ ከአባቴ ነው የወረስኩት። ሁለት ቤት ነበረው፣ በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 አንዱን ትርፍ ቤት ብሎ ወሰደበት። እስኪሞት ድረስ በዚያ ቤት በኩል አያልፍም ነበር።

ነገሩን የፈታው ባልየው ነው። አንድ ማታ ከልጁ ደብተር የተገነጠለ ወረቀት ይዞ መጣ። ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ እንወጣለን ይላል። እርስዎ ደግሞ ቤቱን አንድ ዓመት ለሌላ ሰው አያከራዩም፣ ካከራዩ የስድስት ወር ኪራይ ይከፍሉናል ይላል። መጀመሪያ ተናደድኩ። ቆይቼ ሳስበው እናቴን ላስገባበት ከሆነ ምን ይጎዳኛል? ፈረምኩ።

እንግዲህ የምለው ይህንኑ ነው። የቤት ጉዳይ የያዙ ኃላፊዎች የዚያን ባጃጅ ነጂ ወረቀት ቢያዩት ደስ ይለኛል። ባለቤት ለራሱ ወይም ለቅርብ ቤተሰቡ ቤቱን ሲፈልግ፣ በቂ ጊዜ ሰጥቶ የሚወስድበት ግልጽ መንገድ ይኑር። ምክንያቱን ቀበሌ ይመዝግበው። ከዚያ ለአንድ ዓመት ቤቱ ለሌላ እንዳይከራይ ይከልከል፣ የዋሸ ለተከራዩ ይካስ። ዘመድ ሊገባበት ነው እያልን የምናስወጣ አከራዮች ስንት እንደሆንን እርስ በርሳችን እንተዋወቃለን። ደላሎቹማ የሚያስጠኑን ይህንኑ ነው። ቅጣት ቢኖር እኔም ያኔ አፌን እይዝ ነበር።

ልብስ ሰፊዋን ፈልጌ አላገኘኋትም። ስልኳ አይሠራም።

እናቴ እስከ ሰኔ ሳሎን ፍራሽ ላይ ናት። ጠዋት ጠዋት ባልየው ባጃጁን ከማስነሳቱ በፊት ይመጣና፣ እኔ በአንድ በኩል እሱ በሌላ በኩል ይዘን አምስቱን ደረጃ እናወርዳታለን። ፀሐይ ላይ ሆና ሰርቪሱን እያየች «መቼ ነው የሚለቁት?» ትለኛለች፣ እሱ እየሰማ።

አንዲት አከራይ፣ ከባሕር ዳር