ሁለቱንም ምልክት አድርጊ

ልጄ፣

ማክሰኞ ማታ በስልክ የነገርሽኝ እንቅልፍ ነሳኝ። የሥራ እድገቱን ሲከለክሉሽ ኤችአሯ፣ የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊዋ፣ «ጥቁርም አሳድገናል፣ ሴትም አሳድገናል» አለችሽ። ጥቁሩ ወንድ፣ ሴቷ ነጭ። አንቺም «እማዬ፣ ታዲያ ምን ብዬ ልክሰስ?» አልሽኝ።

ይሄን ጥያቄ ካንቺ በፊት የጠየቁ አሉ። እዚሁ አሜሪካ፣ ሴንት ሉዊስ ውስጥ አምስት ጥቁር ሴቶች የመኪና ኩባንያውን ጄነራል ሞተርስን ከሰው ነበር። ኩባንያው በፈረንጆቹ ከ1964 በፊት ጥቁር ሴት አይቀጥርም ነበር። በ1970ዎቹ ኢኮኖሚው ሲቀዘቅዝ ደግሞ ሠራተኛ ሲቀንሱ «መጨረሻ የገባ መጀመሪያ ይውጣ» ተባለ። በሩ ዘግይቶ የተከፈተው ለማን ነበር? ለእነሱ። የወጡትም እነሱ ናቸው። በ1976 ፍርድ ቤቱ ምን አለ መሰለሽ? ኩባንያው ሴት ቀጥሯል፣ ስለዚህ የጾታ አድልዎ የለም። የዘሩን ክስ ከሌላ የዘር ክስ ጋር አጣምሩት። ዘርና ጾታን አንድ ላይ አድርጎ መክሰስ ግን አይቻልም። ሴቶች የተባሉት እኮ ቢሮ የተቀመጡት ነጮቹ ናቸው! ባሰብኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

የሕግ ምሁሯ ኪምበርሌ ክሬንሾው በ1989 ይህን ፍርድ አንስታ፣ ሕጉ ጥቁር ሴትን መሃል ላይ እንደሚጥላት አሳየች።

እኔ ይሄን ከመስማቴ በፊት ኖሬበታለሁ። በምሠራበት ሆቴል ፎቅ ላይ አልጋ የምናነጥፈው እኛ ነበርን፤ ሐበሾች፣ ጋናዎች፣ ሄይቲዎች። ሻንጣ ተሸክመው ቲፕ የሚቀበሉት ጥቁር ወንዶች ናቸው። ሪሴፕሽን ነጭ ሴቶች። እኔም ለሪሴፕሽን ሳመለክት «አክሰንትሽ እንግዳ ያስቸግራል» አሉኝ። እዚያው የምትሠራዋን ፈረንሳዊት ግን አክሰንቷ ደስ ይላል ይሏት ነበር።

አንቺ ግን ባዶ እጅሽን አይደለሽም። ሂውስተን ውስጥ አንዲት ጥቁር ሴት እንዳንቺው እድገት ተከልክላ ከሰሰች። ቦታው ለጥቁር ወንድ ነበር የተሰጠው። በ1980 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ጥቁር ወንዶችና ነጭ ሴቶች ባይበደሉም ጥቁር ሴት ልትበደል ትችላለች አለ።

ስለዚህ የሥራ አድልዎ አቤቱታ ለሚቀበለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ለኢኢኦሲ፣ ስታመለክቺ ፎርሙ ላይ ዘርም ጾታም ላይ ምልክት አድርጊ። «አንዱን ምረጪ» የሚልሽ ካለ እሺ እንዳትዪ። ቀኑን ደግሞ ጠብቂ፤ ገደቡ 180 ቀን ነው፣ እኛ ሜሪላንድ 300። የሚቆጠረውም «አይሆንም» ካሉሽ ቀን ጀምሮ ነው። ኢሜይሎቹን ሁሉ አሁኑኑ አስቀምጪ። ኤችአሯ ያለችውንም ሳትረሺው ከነቀኑ ጻፊው።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ነይ፣ ፎርሙን አብረን እንሞላለን።

እናትሽ