ከስትሮክ በማገገም ላይ ያሉ አባሎቻችንን ስለማገዝ
ለተከበራችሁ የዕድራችን አባላት፣

በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከስትሮክ ተርፈው በየቤታቸው የሚያገግሙ አባሎቻችንን ስንጠይቅ፣ ከማጽናናት ባሻገር ቤተሰቡን በጉልበትም ልናግዝ ይገባል። ሊፍት በሌለው ሕንፃ ታማሚን ለፊዚዮቴራፒ (ለአካል እንቅስቃሴ ሕክምና) ከፎቅ አውርዶ መልሶ ማውጣት ለአንድ አስታማሚ ከአቅም በላይ በመሆኑ፣ አቅም ያላችሁ ወጣቶች ተራ እንድትገቡ በአክብሮት እንጠይቃለን። ሲያነሡ የደከመውን እጅ መጎተት ትከሻን ስለሚጎዳ፣ አነሣሡን አስቀድማችሁ ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ተማሩ። ጎላ ያለው መሻሻል በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት የሚታይ ስለሆነ ቀጠሮ ባይታለፍ መልካም ነው፤ ከዚያ በኋላም ቢሆን መሻሻሉ አይቆምም። አንደበቱ የተያዘ ሰው ብዙውን ጊዜ የምንለውን ይረዳልና፣ እባካችሁ፣ አጠገቡ ተቀምጠን እንደሌለ ሰው አናውራበት። ለተራው የዕድሩን ጸሐፊ አነጋግሩ።