ድሃውን ልጅ የትሕትና ማስተማሪያ አናድርገው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ለሙስሊም ልጆች በአማርኛ የሚዘጋጁ ባለ ሥዕል መጻሕፍት መበርከታቸው ደስ ያሰኛል። ችግሩ ግን ትሕትናና ምስጋና ላይ ሲደርሱ ብዙዎቹ አንድ መንገድ ብቻ ነው የሚያውቁት። ጫማ የሌለው ልጅ ይሣላል፣ ጫማ ያለው አጠገቡ ይቆማል፣ መጨረሻ ላይ ባለጫማው «አልሐምዱሊላህ» ይላል። ይህን የሰማ የአምስት ዓመት ልጅ ይዞት የሚሄደው «እኔ ከእሱ እበልጣለሁ» የሚለውን ነው። ጫማ የሌለውም ልጅ ቁርኣን ቤት ተቀምጦ ያንኑ መጽሐፍ ይሰማል፤ አዘጋጁ ግን አንባቢ ይሆናል ብሎ አላሰበውም።

ከበታቻችሁ ያለውን ተመልከቱ የሚለው ሐዲስስ የት ሊገባ ነው የሚል አይጠፋም። ሐዲሱ ምክንያቱን አብሮ ይናገራል፤ አላህ የሰጠንን ጸጋ አሳንሰን እንዳናይ ነው። ሰው በገዛ ልቡ የሚሠራው ሥራ እንጂ ባልንጀራውን ለማሳያ የሚያቆምበት አይደለም።

ልብስም ላይ ያው ስሕተት አለ። ኩሩው አዲስ ልብስ፣ ትሑቱ ቡትቶ ይለብሳል። ሙስሊም በዘገበው ሐዲስ ግን አንድ ሰው ጥሩ ልብስና ጫማ ስለ መውደድ ሲጠይቅ፣ አላህ ውብ ነው፣ ውበትን ይወዳል ተብሏል፤ ኩራት እውነትን አለመቀበልና ሰውን መናቅ ነው። ለዒድ አዲስ ልብስ የተገዛለት ልጅ በመጽሐፉ የተነሣ ሊሸማቀቅ አይገባም። ሠዓሊው ኩራትን ሊያሳይ ከፈለገ ፊት የማዞርን ሁኔታ ይሣል፤ ጠቢቡ ሉቅማን ልጁን ሲመክር ያነሣውም እሱን ነው (ቁርኣን 31፡18)።

ለትንንሾች ከሁሉ የሚመቸው የነቢዩ ሱለይማንና የጉንዳኗ ታሪክ ነው (27፡18–19)። ጉንዳኗ የንጉሡ የሱለይማን ሠራዊት ሳያውቅ እንዳይረግጣቸው ወገኖቿን ወደ ቤታችሁ ግቡ ትላለች፤ ሱለይማን ሰምተው ፈገግ ይላሉ፣ ለእሳቸውና ለወላጆቻቸው ለተሰጠው ጸጋ አመስጋኝ እንዲሆኑ አላህን ይለምናሉ። ትሕትናውም ምስጋናውም በሁለት አንቀጽ አለ። ነቢይ አይሣልምና ሠዓሊው ዓይኑን መሬት ላይ ያውርድ፦ ሣሩ ዛፍ ያህላል፣ ከሩቅ አቧራ ይነሣል፣ ከዚያ ኮቴ ብቻ ይታያል። ልጁ ታላቁን ንጉሥ ከታናሿ ቦታ ሆኖ ያያል፤ ገደቡ ለታሪኩ የተሻለ ሥዕል ሰጠው። ለጉንዳኗ ስም ማውጣት፣ ያላለችውንም ንግግር መጨመር ግን አይገባም። ልጅ የትኛው ከቁርኣን፣ የትኛው ከደራሲው እንደሆነ መለየት አይችልም። በሀብቱ የኮራውን የቃሩንን በምድር መዋጥና በሁለት የአትክልት ቦታዎቹ ተኩራርቶ ፍሬያቸው የጠፋበትን ሰው ታሪክ ግን ከሰባት ዓመት በፊት ባይቀርቡ እንመርጣለን፤ ትንሽ ልጅ ላይ የሚቀረው ፍርሃቱ ነው።

በመሐል በሽቦ ለሚሰፋ መጽሐፍ የገጹ ብዛት ለ4 መካፈል አለበት፤ 24 ይበቃል። በጥንድ ገጽ ከ15 እስከ 25 ቃል፣ የፊደሉም መጠን ከ18 ነጥብ ባያንስ ጥሩ ነው። ሥዕሉ የሚናገረውን ጽሑፉ አይድገመው።

ንባቡ አሥር ደቂቃ ቢሆን ይበቃል፤ አንዱን መጽሐፍ ሳምንቱን ሙሉ መደጋገም ሰባት መጽሐፍ ከመቀያየር ይሻላል። መጀመሪያ ያለ ጥያቄ ይነበብ። በማግስቱ ኮቴው ከሚታይበት ገጽ በፊት ቆም ብሎ «ጉንዳኗ ምን ሰማች?» ማለት ነው፤ በሦስተኛው ቀን ልጁ ራሱ ይተርክ። «ጎበዙ የቱ ነው?» ብሎ መጠየቅ አይጠቅምም፤ ልጁ አዋቂው ሊሰማ የሚፈልገውን ይመልሳልና። ምክሩን መጨረሻ ላይ ማብራራትም ያው ነው፤ ምክር መሆኑን ሲያውቅ መስማቱን ያቆማል።

ከዚያ ገበታ አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ትንሽ ልጅ ለነበረው ለዑመር ኢብን አቢ ሰለማ ቢስሚላህ በል፣ በቀኝህ ብላ፣ ከፊትህ ካለው ብላ ብለውታል። ከአንድ ትሪ ለሚበላ ቤት ከዚህ የተሻለ ሥዕል ከየት ይመጣል? የሰው ሁሉ እጅ ከየፊቱ፣ ወጡ መሐል። ከውጭ የተተረጎሙት መጻሕፍት በየሰው ሳህንና ሹካ ስለሚያሳዩ ይህ ትምህርት ያመልጣቸዋል። ሥዕሉን ያየ ልጅ ከምግብ በፊት ለእንግዳ የእጅ ውሃ ያስታጥብ፣ እንጀራውን ለጋገረችውም «ጀዛኪላሁ ኸይር» (አላህ መልካሙን ይመንዳሽ) ይበል፤ ሰውን ያላመሰገነ አላህን አላመሰገነም ተብሏልና። ሲጨርስ «ምን ዓይነት ትሑት ልጅ ነህ!» አይባል። «ውሃውን ሳታፈስ አስታጠብክ» ይበቃዋል።

ጋዜጣችሁ ለልጆች ዓምድ የሚከፍት ከሆነ፣ ሰው በሰው የማይነጻጸርበት ባለ አራት ሥዕል ታሪክ በየሳምንቱ እንዲወጣበት እንጠይቃለን።

የልጆች መጻሕፍት አዘጋጆች፣ ከደሴ