ከአራት ኪሎ፣ ስለ 14ቱ ብልቃጦች

ውድ ወንድሜ ታደሰ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ለሰባት ዓመት ዝምታዬ ይቅርታህን እለምናለሁ፤ ምክንያት ብደረድርልህም እንደማታምነኝ ስለማውቅ አልደክምም። ብዕር ያስነሣኝም፣ ሳልዋሽህ፣ ናፍቆት ብቻ ሳይሆን ጉዳይ ነው።

ከጅቡቲዋ ሙሻ ደሴት ያመጣናቸው ሰፍነጎች፣ እነዚያ ከባሕር ሥር የለቀምናቸው እንስሳት፣ ተገኝተዋል። አራት ኪሎ ያለው ቢሮዬ ቀለም ሊቀባ ቁም ሣጥኑ ሲነሣ፣ 14ቱም ብልቃጦች በአሮጌ ጋዜጣ እንደተጠቀለሉ ከጀርባው ወጡ። አልኮሉ በግማሽ ጎድሏል፤ ያ አንተ ከኮራሉ ሥር በቢላዋ የፈለቀቅኸው፣ እንደ በርበሬ የቀላው፣ ዛሬ የተቀቀለ ድንች መስሏል። ያም ሆኖ ከእርሱ ጥፍር የምታህል ቆርጬ በረኪና ውስጥ ዘፈዘፍሁ። በማግስቱ ሥጋው ሟሙቶ ከብርጭቆው ሥር ነጭ ዝቃጭ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ደጋግሜ አጥቤ በማይክሮስኮፕ ባየው፣ አንድ ጫፋቸው የሾለ፣ ሌላው እንደ ስፒል ራስ የደበለበለ የመስታወት መርፌዎች፣ የሰፍነጉ አጽም፣ ሞልተውበታል። በዚህ ዕድሜዬ እንደ ልጅ ብቻዬን ሳቅሁ። የእንስሳት ተመራማሪው ኮንራድ ኬለር ስለ ቀይ ባሕር ሰፍነጎች እ.ኤ.አ. በ1889 እና በ1891 ካሳተመው ጋር ላስተያየው ተቀመጥሁ፤ ነገር ግን መርፌው ብቻውን ወገኑን እንጂ ዝርያውን አይነግረኝም። ቀለሙ፣ ጥልቀቱ፣ ሲነካ መለስለሱ ወይም መሻከሩ፣ የበቀለበት ድንጋይ ጭምር ያስፈልገኛል።

የምጨነቀው እዚህ ላይ ነው። ብልቃጦቹ ውስጥ ያሉት ወረቀቶች ባዶ ናቸው፤ አንተ በእርሳስ እንጻፍ ስትል እኔ በእስክሪብቶ የጻፍሁት ሁሉ ለቅቆ አልኮሉን ሰማያዊ አድርጎታል። ያኔ ጽሑፉ መደብዘዝ ሲጀምር ኃላፊያችን ማን እንደጻፈው ሲጠይቅ፣ እኔ፣ እንዴት ብዬ ልጻፈው፣ ወደ አንተ አይቼ ዝም ማለቴን፣ አንተም ሳትናገር መቀበልህን አልረሳሁም። ፒያሳ ቡና ስንጠጣ ልናዘዝልህ ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ ስኳር አቀብለኝ ብዬሃለሁ።

ስለዚህ ከውኃ በወጣን ቁጥር ጀልባዋ ላይ የምትሞላው ደብተር ዛሬም ካለ፣ ገጾቹን ፎቶ አንሥተህ በቴሌግራም ላክልኝ። ጥልቀቱና ቀለሙ ያልተጻፈለት ናሙና ቁጥር ከመያዝ በቀር አይረባም፤ መዝገቡ ላይ ደግሞ ሰብሳቢ በሚለው ዓምድ ያንተን ስም አስቀድሜያለሁ። ደብተሩ ከሌለም ደውልልኝ። ማዕበሉ ያስመለሰህ ቀን የጻፍኸውን ገጽ ግን ብትዘልለው አልቀየምም።

የአንተው፣
መስፍን