ለ«ጠንካራው የድሮ ሰው» መልስ

ለአዘጋጁ፦

አምደኛችሁ ባለፈው እትም «የድሮ ሰው ክኒን ሳያውቅ ዕድሜ ይጠግብ ነበር» ብለው አያታቸውን በምስክርነት ጠርተዋል። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ቁስል ሳጥብና በፋሻ ሳስር የኖርኩ ነርስ ነኝና ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት የካልቪን ኩሊጅን ልጅ ልጥቀስላቸው። እ.ኤ.አ. በ1924 ይህ የ16 ዓመት ልጅ ያለ ካልሲ ቴኒስ ሲጫወት የእግሩ ጣት ውኃ ቋጠረ። በዚያች በተላጠች ቆዳ ስታፊሎኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ገብቶ ደሙን መረዘውና በሳምንቱ ሞተ። ያጣ የነጣ ልጅ እኮ አይደለም! የአገሩ ስመ ጥር ሐኪሞች አልጋውን ከበው ነበር፤ ደም ውስጥ የገባን ባክቴሪያ የሚገድል መድኃኒት ግን አልነበራቸውም። እኔ እንዲህ ያለውን ጣት አጥቤ፣ ካመረቀዘም መድኃኒት ታዞለት ስሸኘው ኖሬአለሁ። ታካሚው ስሜን እንኳ ጠይቆኝ አያውቅም።

ስኮትላንዳዊው ሳይንቲስት አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ባክቴሪያ ገዳዩን መድኃኒት ፔኒሲሊንን በ1928 ቢያገኘውም ለሕሙማን የሚበቃ መጠን ማምረት ከአሥር ዓመት በላይ ወስዷል። በ1941 የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ፊቱ በመግል ለተወረረና አንድ ዓይኑን ላጣ አልበርት አሌክሳንደር ለሚባል ፖሊስ ሰጡት። ትኩሳቱ በረደ፣ ምግብም ቀመሰ። መድኃኒቱ ከማነሱ የተነሳ ከገዛ ሽንቱ እያጣሩ መልሰው ይወጉት ነበር (ስንት ባልዲ ሽንት ስደፋ የኖርኩት ሴትዮ ይህን ሳነብ የተሰማኝን አልነግራችሁም)። በመጨረሻ አለቀ። ቁስሉ አገረሸና መጋቢት ላይ ሞተ።

አምደኛው የቆጠሩት የተረፉትን ብቻ ነው። በወሊድ ትኩሳት የቀረችው እናት፣ የጆሮ መግል ወደ አንጎሉ ዘልቆ የገደለው ሕፃን አያት አልሆኑም፤ ስለ ጥንካሬያቸው የሚያወራላቸው የልጅ ልጅም የለም።

ክኒን ያለ ቦታው ይዋጣል ማለታቸው ግን ልክ ነው። ጉንፋን የቫይረስ ነው፤ አንቲባዮቲክ አይነካውም። ፍሌሚንግ ራሱ በ1945 ኖቤል ሲቀበል፣ መጠኑ ያነሰ ፔኒሲሊን ባክቴሪያውን መላመድ እንደሚያስተምረው አስጠንቅቆ ነበር።

አምደኛው ከቀጠሉበት ግን የአያታቸውን ወንድሞችና እህቶችም ይጨምሩልን፦ ስንት ተወለዱ፣ ስንቱስ ለአቅመ አዳምና ሔዋን ደረሱ?

ጡረተኛዋ ነርስ